በሐዲዱ ድምፅ አትታመን

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ድሬዳዋ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትህ ግን አክስትህ ከሞጆ ከደወለች ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። ጎሕ ሳይቀድ በሐዲዱ መካከል እየሄድክ ወደ ሥራ ትገባለህ አሉ። አክስትህ ስትቆጣህም «የአያቴ ልጅ ልጅ ነኝ፤ ባቡር ሲመጣ ሐዲዱ ይነግረኛል» አልካት። ልጄ፣ በሐዲዱ ድምፅ አትታመን።

ሐዲዱ እንደሚያፏጭ አውቃለሁ። የብረት ጎማ በብረት ላይ ሲንከባለል ዐይን የማያየው ሸካራነት ሁለቱንም ያንቀጠቅጣል፤ መንቀጥቀጡም በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ሲጓዝ በብረት ውስጥ ግን ወደ 5,000 ሜትር ይጓዛል። አያትህ በምድር ባቡር ሐዲድ ሲጠግን ጆሮውን ደፍቶ «መጣ» ይለን ነበር፤ እኛ ልጆቹ ገና ጭስ እንኳ ሳናይ። ቢሆንም ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው ከሩቅ ሳያቆም መፍቻ አያነሳም ነበር። ጆሮውን ያመነ ባልደረባውን በገዛ እጁ ቀብሯል። የዚያን ዕለት ማታ ራቱን ሳይነካ ደጅ ላይ ተቀምጦ አደረ። ስለዚያ ሰው አንድ ቀን እጠይቀዋለሁ እያልኩ ሳልጠይቀው አረፈ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የአንተ ሐዲድ ደግሞ የአያትህ አይደለም። ባቡሩ በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ እንደ ናፍጣው አያጓራም። የባቡሩ የብረት ጎማና የሐዲዱ ሸካራነት በቀነሰ ቁጥርም ድምፁ ይቀንሳል። ከሰበታ እስከ አዳማ መንገዱ ጥንድ ነው፤ አንዱ ሲያፏጭ ሸሽተህ የምትቆምበት ሌላው ላይ ባቡር ቢኖርስ? በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ ባቡር በአንድ ሰከንድ 33 ሜትር ይጨርሳል። ጭነት የያዘው ፍሬን ቢይዝ እንኳ ለመቆም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈልግ ይችላል። ሹፌሩ ቢያይህም ሊያድንህ አይችልም። በሐዲዱ ድምፅ አትታመን፣ የእኔ ጌታ!

ከነገ ጀምሮ በአስፋልቱ ሂድ። የባጃጅ ብር ልኬልሃለሁ፤ ለሌላ ነገር እንዳታውለው። ያንን የጆሮ ማዳመጫ መንገድ ላይ አውልቅ። ዛሬ ማታ ለአክስትህ ደውለህ ይቅርታ ጠይቃት፤ እናትህንም አነጋግራት፣ ድምፅህን ካልሰማች አትተኛም። በርበሬና ቆሎ በአውቶቡስ ልካለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ከመናኸሪያ ተቀበል። ጣሳውን ባዶውን መልስላት።

አባትህ