ያልተረጋገጠው የዘር ሐረግ በነጠብጣብ ይሳል

ለአዘጋጁ፦

ስለ መካከለኛው ዘመን ነገሥታት ባወጣችሁት ጽሑፍ የአፄ ይኩኖ አምላክ የዘር ሐረግ የመጨረሻው የአክሱም ንጉሥ እስከሚባለው እስከ ድል ነዓድ ድረስ በሠንጠረዥ ላይ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተስሏል። ይህን ያህል እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ዋናው ችግር ቁጥሩ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል የሚጠሩት አባቶች ስምና ብዛት ከዝርዝር ዝርዝር ይለያያል። በመካከሉ ያለው የዛጉዌ ነገሥታት ዘመንም በአንዱ ትውፊት 133 ዓመት፣ በሌላው 333 ዓመት ነው። እስቲ አሥር ትውልድ ነው እንበል። በ133 ዓመት ካሰላነው ለአንድ ትውልድ የሚደርሰው 13 ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ልጅ በ13 ዓመቱ እየወለደ አሥር ትውልድ አይቆጠርም። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ1270 ዙፋን የያዘው የይኩኖ አምላክ ሥርወ መንግሥት ከጥንቱ የአክሱም ቤት መወለዱን ማሳየት በጣም ያስፈልገው ነበር። ይህን ስል ትውፊቱን እየናቅኩ አይደለም፤ እኔም ከአያቴ እየሰማሁ ያደግሁበት ነው።

የጋብቻውም ነገር እንዲሁ ነው። የይኩኖ አምላክ የልጅ ልጅ አፄ ዓምደ ጽዮን የአባታቸውን ሚስት አግብተዋል በሚል መነኮሳት እንደገሠጿቸው፣ መነኮሳቱም ተገርፈው እንደተጋዙ ገድላት ይተርካሉ። በሠንጠረዣችሁ ላይ ግን ክርክሩ ጭራሽ አልተነሳም።

ሠንጠረዡን በሚቀጥለው እትም እንደገና አውጡት። በሰነድ የተረጋገጠውን ዝምድና በደማቅ መስመር፣ በትውፊት ብቻ የሚታወቀውን በነጠብጣብ አሳዩ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ምንጩንና ምንጩ የተጻፈበትን ዘመን አስፍሩ። ለዛጉዌ ዘመንም ሁለቱንም ቁጥሮች ጻፉ።