ያልሰማ አይናገር፦ የአልበም አድማጮች ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ሁለት ደንብ ብቻ ነው ያለው። አልበሙን ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ያልሰማ አስተያየት አይሰጥም። አስተያየት የሚሰጥ ደግሞ ደቂቃውን ይጠቅሳል። «አሪፍ ነው» ማለት ይቻላል፤ «ደበረኝ» ማለትም ይቻላል። የቱ ጋ እንዳማረ፣ የቱ ጋ እንደደበረ መናገር ግን ግዴታ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እየተሰበሰብን የተከራከርነው በእነዚህ ደንቦች ነው።

የምንሰማው ፕሮግሬሲቭ ሮክና ፕሮግሬሲቭ ሜታል ነው። ዘፈኖቹ ረጃጅም ናቸው። ምታቸው ይቀያየራል። አልበሙም ብዙ ጊዜ አንድ ወጥ ሥራ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ መሀሉን ብቻ የሰማ ሰው ምንም አልሰማም ማለት ይቻላል። አንዱን ዘፈን ሳይጨርስ ወደ ሌላው መዝለል ለለመደ ተማሪ ከባድ ነው። እኔም የመረጥኩት ለዚሁ ነው። ልጆቻችን አርባ ደቂቃ ስልክ ሳይነኩ ቁጭ ብለው አንድ ነገር የሚከታተሉበት ቦታ ብዙ የለም።

ስፒከሩን ያዋሰን ሚኒ ሚዲያ ነው፤ ከልብ እናመሰግናለን። መብራት የጠፋ ዕለት አልበሙ ፍላሽ ላይ ይቆይና ያለፈውን ሳምንት ክርክር እንቀጥላለን። አንዳንዱ ክርክር ደግሞ እንዲህ ባለው ቀን ነው የደመቀው።

የጀመርነው በእንግሊዞቹ ኪንግ ክሪምሰን የመጀመሪያ አልበም፣ በ1969 በወጣው «ኢን ዘ ኮርት ኦፍ ዘ ክሪምሰን ኪንግ» ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሽፋኑ ላይ ያለውን የሚጮህ ፊት የሣለው ባሪ ጎድበር የኮምፒውተር ፕሮግራመር ነበር። አልበሙ በወጣ በወራት ውስጥ ገና በ24 ዓመቱ ሞተ። ተማሪዎቹን ከሥዕሉ ይልቅ የማረካቸው ግን ሜሎትሮን የተባለው መሣሪያ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሲጫን ውስጥ ያለ የቴፕ ክር ይሳባል፤ ክሩ ላይ የተቀዳው የቫዮሊን ወይም የዋሽንት ድምፅ ይሰማል፤ ከስምንት ሰከንድ ገደማ በኋላ ክሩ ያልቃል። ተጫዋቹ ከዚያ በፊት ጣቱን ማንሳት አለበት። ይህን ካወቁ በኋላ ልጆቹ የዘፈኑን ርዝመት ትተው የድምፁን ርዝመት መቁጠር ጀመሩ።

የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» (1973) ከሙዚቃ አልፎ የሥነ ዜጋ ክርክር አስነሣ። በአልበሙ ውስጥ አንዲት ሴት ያለ ግጥም፣ በድምፅዋ ብቻ የምታዜምበት ክፍል አለ። ክሌር ቶሪ ትባላለች። ስቱዲዮ ተጠርታ፣ የመጣላትን አዚማ፣ 30 ፓውንድ ተከፍሏት ሄደች። አልበሙ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ከተሸጡት አንዱ ሆነ። በ2004 ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ በ2005 በስምምነት አለቀና ስሟ ከደራሲው ጎን ገባ። ግማሹ ተማሪ «ተስማምታ የተቀበለችው ክፍያ ነው» አለ። ሌላው ግማሽ «ዜማውን የፈጠረችው እሷ ናት» ብሎ ድርቅ አለ። አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ተነሥታ «እሷን አውጥታችሁ ስሙት፤ ምን ይቀራል?» አለቻቸው። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

የሒሳብ መምህር እንደመሆኔ በካናዳዎቹ ራሽ ላይ ብዙ ብቆይ አትፍረዱብኝ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ጌዲ ሊ፣ አሌክስ ላይፍሰንና በ2020 ያረፈው ኒል ፒርት። አሳታሚያቸው አጫጭር፣ ለሬዲዮ የሚመች ዘፈን አምጡ እያለ ሲጫናቸው በ1976 የሸክላውን አንድ ፊት ሙሉ፣ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ይዘው መጡ። የባንዱ ስም የገነነው በዚያ ነው። እኛ ግን የተያዝነው በ1981ቱ «ሙቪንግ ፒክቸርስ» ውስጥ ባለው «ዋይ ዋይ ዜድ» ነው። ይህ የቶሮንቶ አውሮፕላን ማረፊያ ኮድ ነው። የመግቢያው ምት ደግሞ ኮዱ በሞርስ፣ ማለትም ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ በሚያስተላልፈው የቴሌግራም ዘዴ፣ ሲተላለፍ የሚሰማው ድምፅ ነው። ዋይ፦ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ ረጅም። እንደገና ዋይ። ዜድ፦ ረጅም፣ ረጅም፣ አጭር፣ አጭር። አጭሩን አንድ፣ ረጅሙን ሁለት ብለን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ደመርነው፦ 7 እና 7 እና 6፣ በድምሩ 20። ከዚያ ሁሉም በዴስኩ ላይ በእስክሪብቶ መታው። መጀመሪያ ተዘባረቀ። ቆይቶ ከኋላ ወንበር ያሉት ያዙት፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ አንድ ላይ መታ። ከቢሮ ሰው መጥቶ ምን እንደተፈጠረ እስኪጠይቀን ድረስ አላቆምንም።

ቱል የተባለው የአሜሪካ ባንድ «ላተራለስ» (2001) ሌላው የሰሌዳ ቀናችን ነበር። በርዕሱ ዘፈን መጀመሪያ ላይ ዘፋኙ በየሐረጉ የሚያወጣቸው የቃል ክፍሎች ሲቆጠሩ 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8 እያሉ ያድጋሉ፤ ከዚያ ወደ 5 እና ወደ 3 ይወርዳሉ። የፊቦናቺ ቁጥሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ከፊቱ ያሉት የሁለቱ ድምር ነው። አዝማቹ በዘጠኝ፣ በስምንትና በሰባት ምት ይፈራረቃል። «987ም የፊቦናቺ ቁጥር ነው፤ 377 ሲደመር 610» ብሎ ያገኘው የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው። በክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ ነበር።

በጣም የተጋጨነው በስዊድኖቹ ኦፔዝ ነው። ዘፋኛቸው ሚካኤል ኦከርፌልት በአንዱ ዘፈን ውስጥ በለስላሳ ድምፅ ጀምሮ ወደ ጉሮሮ ጩኸት ይገባል። ይህ ጩኸት ለብዙ ወላጅ ያስፈራል። አንዲት እናትም ልጃቸው የሚሰማው የሰይጣን ዘፈን እንዳይሆን ሰግተው መጡ። ስጋታቸው የእናት ስጋት ነውና አብረውን እንዲቀመጡ ጋበዝኳቸው። የዕለቱ አልበም «ዳምኔሽን» (2003) ነበር፤ አንድም ጩኸት የለበትም። ከዚያው ባንድ ጩኸት ያለበት «ብላክዎተር ፓርክ» (2001) በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚሰማ አልደበቅኳቸውም። ትንሽ አሰቡና «ብቻውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ከሚሰማ ከእናንተ ጋር ቢሰማው ይሻለኛል፣ መምህር» አሉኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ ልጃቸው ነው ጩኸቱን አጥብቆ የተቃወመው። ለጩኸቱ የተከራከረችለት ደግሞ በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር የምትዘምር ልጅ ናት። «ቲቸር፣ ቃሉን አትስሙት፤ እንደ ከበሮ ስሙት» አለች። ደቂቃውን ጠቅሳ፣ ጩኸቱና ከበሮው አብረው የሚወድቁበትን ቦታ አሰማችን። ሁሉም አልተስማማም። ግን ሁሉም መልሶ ሰማው።

ይህ ሙዚቃ ከእኛ በጣም ይርቃል የሚል ካለ መሹጋን ያዳመጥንበትን ቀን ልንገረው። እነዚህም ስዊድኖች ናቸው። ጊታሩና የእግር ከበሮው በአንድ አቆጣጠር ይሄዳሉ፤ የከበሮ መቺው እጅ ግን አራቱን ምት አይለቅም። ልጆቹ ግራ ተጋብተው ሳለ አንድ ክራር ተጫዋች ተማሪያችን ችክችካን አጨበጨበ። ስድስቱ ምት በሁለት ሲከፈልም በሦስት ሲከፈልም ይሰማል፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚሰማ ጆሮ አለን። ሠርግ ላይ ሳናስተምረው ያደገ ጆሮ ነው። በኋላ የመሹጋን «ብሊድ» (2008) ሲሰሙ አራቱን ምት በእጅ፣ ሌላውን በእግር የያዙት እነሱ ናቸው።

ድሪም ቲያትር የተባለው የአሜሪካ ባንድ በ1985 የተመሠረተው ቦስተን፣ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ በተገናኙ ሦስት ተማሪዎች ነው። የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄም ከዚያ በፊት በዚያው ትምህርት ቤት ተምረዋል። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ በኩራት ተነቃነቀ። የባንዱ የ1999 አልበም ግን ለእኔ ረዘመብኝ። ከ75 ደቂቃ በላይ ነው፤ ለሁለት ሐሙስ ነው የከፈልነው። የጣት ፍጥነት ለማሳየት ብቻ የገባ የሚመስለኝ ቦታ አለው። ልጆቹ «ስንተኛው ደቂቃ?» ብለው ያዙኝ፤ ደንቡ ለእኔም ይሠራል። ጠቀስኩ። አሁንም አቋሜ ያው ነው።

በዓመቱ መጨረሻ በተደረገው ምርጫ «ሙቪንግ ፒክቸርስ» አሸነፈ። ደስ ብሎኛል። የእኔ ድምፅ የሄደው ግን ለኪንግ ክሪምሰን «ሬድ» (1974) ነው። የመጨረሻው ዘፈን ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በላይ ነው። መሀሉ ላይ ጊታር ተጫዋቹ ሮበርት ፍሪፕ ከአንድ የጊታር ድምፅ ብዙም ሳይርቅ፣ በአሥራ ሦስት ምት፣ ቀስ እያለ ደቂቃዎች ይቆያል። ከሥሩ ከበሮውና ቤዙ እያበጡ ይመጣሉ። አልበሙ ሳይወጣ ባንዱ ተበትኗል። ትዕግሥት በሙዚቃ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ያልመረጣችሁት፣ ክረምቱን መልሳችሁ ስሙት።

በመጪው ዓመት የምንጀምረው ወደ ቤት ተመልሰን፣ በጃኖ ባንድ የመጀመሪያ አልበም «ኤርታሌ» ነው። ያዘጋጀው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። የእኛ ቅኝት ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር የት ላይ እንደተስማማ፣ የት ላይ እንደተጋጨ በደቂቃ እየጠቀስን እንነጋገራለን። ምዝገባ በመስከረም፣ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ፣ በሒሳብ ክፍል ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ይያዝ። ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ።