ሰባቱን የመድኃኒት አምፑል ለሞላችሁልን ሁሉ

ይህ የምስጋና መልእክት ባለፈው ወር በእናታችን ሕመም ምክንያት ደሴ ላይ አብራችሁን ላመሻችሁና ላነጋችሁ የሕክምና ባለሙያዎች፣ በኮምቦልቻ ለምትገኙ ጎረቤቶቻችን፣ እንዲሁም ስማችሁን እንኳ ሳንጠይቅ ለተለያየናችሁ ወገኖች ከመላው ቤተሰባችን የቀረበ ነው።

እናታችን ከኮምቦልቻ ደሴ ሆስፒታል የደረሰችው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ልቧ በደቂቃ 186 ጊዜ ይመታ ነበር። ኢሲጂውን (የልብ ምት ምርመራውን) ያነበቡት ሐኪም ምቱ የሚነሣው ከታችኛው የልብ ክፍል እንደ ሆነ፣ ራሷን ከሳተች በኤሌክትሪክ ማሽን ለመርዳት እንደተዘጋጁ፣ ለጊዜው ግን አሚዮዳሮን የተባለውን የልብ ምት ማስተካከያ መድኃኒት በደም ሥሯ እንደሚጀምሩላት ቁጭ አድርገው አስረዱን። በዚያ ጭንቀት መካከል እንዲህ ያለ ማብራሪያ ምን ያህል እንደሚያረጋጋ የደረሰበት ያውቀዋል።

ስሌቱንም በወረቀት ጽፈው አሳዩን፦ በመጀመሪያ 150 ሚሊ ግራም በ10 ደቂቃ፣ ቀጥሎ በደቂቃ 1 ሚሊ ግራም ለ6 ሰዓት፣ ከዚያም በደቂቃ ግማሽ ሚሊ ግራም ለ18 ሰዓት። አንዱ አምፑል (መድኃኒቱ የታሸገበት ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ) 150 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ ለአንድ ቀንና ሌሊት ሰባት አምፑል ያስፈልግ ነበር። የተገኘው ግን ሦስት ነው። አንዱ ወዲያው ተሰጣት፤ የቀሩት ሁለቱ ከ5 ሰዓት በላይ አይዘልቁም።

ኮምቦልቻ ላይ ፋርማሲዎን ዘግተው ከተኙበት በአንድ ስልክ ተነሥተው ሁለት አምፑል የሰጡን፣ ገንዘቡንም «እናታችሁ ይዳኑ፣ ከዚያ እንተሳሰባለን» ብለው ያቆዩልን ባለሙያ፣ እግዚአብሔር ውለታዎን ይክፈልልን። የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት በጉም ውስጥ ወጥተህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ መድኃኒቱን በእጃችን ያስረከብኸን የሚኒባስ ሾፌሩ ጎረቤታችን፣ የነዳጅ እንኳ አልቀበልም ብለሃልና ምስጋናችን በዚህ ይድረስህ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት አምፑሎች በማግሥቱ ረፋድ ላይ የሰጡን ከወረባቦ የመጡ አስታማሚ ናቸው። መድኃኒቱን የገዙት ለአባታቸው ነበር፤ አባታቸው ግን ሳይወስዱት አረፉ። አስከሬኑን ይዘው ለመመለስ መኪና እየጠበቁ ሳለ የእኛን ፍለጋ ሰምተው «ለአባቴ አልደረሰም፤ ለእናታችሁ ይድረስ» ብለው ሰጡን። የሆስፒታሉ ፋርማሲስት እሽጉንና የሚያበቃበትን ቀን አገላብጠው አይተው ተቀበሉት።

የዚያን ሌሊት ተረኛ የነበርሽው ሲስተር፣ የአምፑሉን አንገት በጎዝ ጠቅልለሽ ስትሰብሪ፣ በሲሪንጅ ስበሽ 5 በመቶው ግሉኮስ ውስጥ ስትጨምሪ አጠገብሽ ነበርሁ። ጎን ያለውን የጨው ፈሳሽ ለምን እንዳልተጠቀምሽ ብጠይቅሽ፣ ይህ መድኃኒት ከእርሱ ጋር እንደማይቀላቀል ሳትሰለቺ ነገርሽኝ። የደም ግፊቷን በየ15 ደቂቃው ለካሽ፤ የላይኛው ቁጥር ወደ 85 ሲወርድ ጠብታውን ቀንሰሽ ሐኪሙን ጠራሽ፤ መርፌው የገባበት ደም ሥር ሲቀላና ሲያቃጥላት ወዲያው ወደ ሌላኛው ክንዷ አዛወርሽው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት አለፍ ብሎ የሞኒተሩ ድምፅ ረጋ፣ ቁጥሩም 84 ሆነ። አንቺ ያን ጊዜ የእናታችንን እጅ ይዘሽ ምንም ሳትናገሪ ብዙ ቆየሽ። ይህን እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ አልረሳውም።

በመስጊድ ዱዓ፣ በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ያደረጋችሁልን፣ ስንቅ ይዛችሁ የተመላለሳችሁ የሰፈራችን ሰዎች፣ እናታችን አሁን ቤቷ ናት። መድኃኒቱን በእንክብል ቀጥላለች፤ አዮዲን ያለበት በመሆኑም የእንቅርት ዕጢዋንና የጉበቷን ምርመራ በቀጠሮ ትከታተላለች።

ከወረባቦ የመጡትን ወንድማችንን የምታውቁ ካላችሁ ይህን መልእክት አድርሱልን። እናታችን በእግሯ መጥታ ለቅሶ ልትደርሳቸው ትፈልጋለችና ቤታቸውን እንዲያመለክቱን በትሕትና እንለምናለን።