ዘይት የሚያፈስ አሮጌ መኪናና ሲንተቲክ ዘይት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

«አሮጌ ሞተር ላይ ሲንተቲክ ዘይት ከተጨመረ ማፍሰስ ይጀምራል» የሚለው ምክር ብዙ አሽከርካሪዎችን ያለ በቂ ምክንያት ስለሚያሰጋ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ምክሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ቀደምት ሲንተቲክ ዘይቶች (በኬሚካል ሂደት የሚሠሩ የሞተር ዘይቶች) የጎማ ማሸጊያዎችን ያኮማትሩ ነበር። የዛሬዎቹ ግን ማሸጊያው ልስላሴውን እንዲጠብቅ የሚረዱ ቅመሞች አሏቸው። በእርግጥ የማጠብ ኃይላቸው ጥሩ በመሆኑ፣ ለዓመታት ስንጥቁን ደፍኖ የቆየውን ዝቃጭ ሊያነሡት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የሚታየው ፍሳሽ ግን ቀድሞውንም የነበረ ጉዳት ነው።

ስለዚህ ዘይት ከመምረጥ በፊት የሚፈስበትን ቦታ ማወቅ ይቀድማል። እኔ የመኪናዬን ሞተር አሳጥቤ ንጹሕ ካርቶን ከሥሩ ዘርግቼ አሳደርሁ። ጠብታው ከታችኛው የዘይት ገንዳ የመጣ ቢመስለኝም፣ ጥቁሩን መስመር በባትሪ ብርሃን ሽቅብ ስከተለው በሞተሩ አናት ካለው የቫልቭ ክዳን ጋስኬት (ማሸጊያ) የሚወርድ ሆኖ አገኘሁት፤ ጋስኬቱም ደርቆ በጣት ሲነካ ይሰባበር ነበር።

ፍሳሹ ጥቂት ከሆነ፣ ከ120 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ለሄዱ ሞተሮች ተብሎ የተዘጋጀውን፣ የደረቀ ማሸጊያን የሚያለሰልሰውን ሲንተቲክ ዘይት እመርጣለሁ። ፍሳሽ ለመቀነስ ሲባል አምራቹ ከፈቀደው በላይ ወፍራም ዘይት መጨመርን ግን አልደግፍም፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ወደ ላይኛው ክፍል ቶሎ አይደርስምና። ዘይቱ በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ የዘይቱ ዓይነት ጉዳይ ቆይቶ ጥገናው ዛሬውኑ ይደረግ።

አንድ አንባቢያችሁ