ሉሲል ቦልን ጣቢያው ቀድቶ አላስቀመጣትም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ አሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን ተዋናይት ስለ ሉሲል ቦል ያወጣችሁትን ጽሑፍ በካሜራና በኤዲቲንግ ሥራ የምንተዳደር ሰዎች አንብበን ተናደናል። ሙሉ ገጽ ሰጥታችኋታል። ፀጉሯን ቀይ ስለመቀባቷ አንድ አንቀጽ አለ፤ ስለ ፍቺዋ ደግሞ ሁለት። ሥራዋ ላይ ሲደረስ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ እሷም ስህተት። «አይ ላቭ ሉሲ» የተባለው የኮሜዲ ፕሮግራሟ በቀጥታ ስርጭት ይተላለፍ እንደነበርና ጣቢያው ቀድቶ ስላስቀመጠው እስከ ዛሬ ለመታየት እንደበቃ ነው የጻፋችሁት።

በቀጥታ አልተላለፈም። ጣቢያውም ቀድቶ አላስቀመጠውም። ፕሮግራሙ ከጥቅምት 15 ቀን 1951 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ጀምሮ እስከ 1957 ድረስ የታየው በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ በሦስት ካሜራ፣ አዳራሽ ውስጥ በተቀመጡ ወደ ሦስት መቶ በሚጠጉ ተመልካቾች ፊት ተቀርፆ፣ ኤዲት ተደርጎ ነው። ነገሩ ጥቃቅን ስህተት ለቀማ አይደለም። የሴትዮዋ ሀብት፣ ሥልጣንና እስከ ዛሬ የዘለቀ ስም በሙሉ የተመሠረተው በዚህች ጉዳይ ላይ ነው። እናንተ ደግሞ ለይታችሁ የሳታችሁት እሷኑ ነው።

እስቲ ወደ 1951 እንመለስ። የዚያን ጊዜ የአሜሪካ ትልልቅ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች በአብዛኛው ከኒውዮርክ በቀጥታ ነበር የሚተላለፉት፤ ተመልካቹ የሚበዛው በምሥራቁ ክፍል ነበርና። ምሥራቁን ከምዕራቡ የሚያገናኘው የቴሌቪዥን መስመር ገና በዚያው ዓመት መስከረም ላይ መከፈቱ ነው። ከዚያ በፊት ፕሮግራምን ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ለማድረስ የነበረው ዘዴ ኪኒስኮፕ ይባላል፦ የፊልም ካሜራ ከቴሌቪዥን መስኮት ፊት ይቆምና በመስኮቱ ላይ የሚታየውን ይቀርፃል። ቴሌቪዥን ላይ ያየውን በስልኩ ቀርፆ ለሰው የላከ ሁሉ ውጤቱን ያውቀዋል። ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ የፊት ጠርዝ ይደበዝዛል፣ የስክሪኑ መስመሮች ምስሉን ያቋርጡታል።

የፕሮግራሙን ወጪ የሚሸፍነው የሲጋራ ኩባንያው ፊሊፕ ሞሪስ ነበር። ሲጋራ የሚሸጥለት ምሥራቅ ስለሆነ እዚያ ያለው ሰው ደብዛዛ ምስል እንዲያይ አልፈለገም፤ ስለዚህ ባልና ሚስቱ ኒውዮርክ መጥተው በቀጥታ ይሥሩ አለ። ሉሲል ቦልና ባለቤቷ ዴዚ አርናዝ እምቢ አሉ። ቤታቸው ካሊፎርኒያ ነው፣ እሷም የመጀመሪያ ልጇን ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ልጅቷ የተወለደችው በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። ያመጡት አማራጭ ፕሮግራሙን እዚያው ሆሊውድ እንደ ሲኒማ በፊልም መቅረፅና ቅጂውን በየጣቢያው መላክ ነበር። ኒውዮርክም ሎስ አንጀለስም አንድ ዓይነት ጥራት ያያሉ ማለት ነው።

ፊልም ግን ውድ ነው። የወጪውን ልዩነት ለማቃለል ባልና ሚስቱ ከሳምንት ክፍያቸው 1,000 ዶላር እንዲቀነስ ተስማሙ፤ በምትኩ የተቀረፀው ፊልም ንብረትነቱ ደሲሉ ለተባለው ለራሳቸው ኩባንያ እንዲሆን ጠየቁ። ፕሮግራሙን የሚያስተላልፈው ጣቢያ ሲቢኤስ ብዙም ሳያንገራግር ፈረመ። አንዴ ታይቶ ያለፈ ፕሮግራም ዳግም ገንዘብ ያመጣል ብሎ የሚያስብ ሰው በዚያን ጊዜ አልነበረማ! ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሲቢኤስ ያንኑ ፊልም ለመግዛት ሚሊዮኖች ከፈለ። በ1957 መጨረሻ ደሲሉ የአርኬኦን ስቱዲዮዎች ከስድስት ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ሲገዛ ያ ገንዘብ ትልቅ ድርሻ ነበረው። አርኬኦ ማለት ሉሲል ቦል በ1930ዎቹ በሳምንት ደመወዝ ተቀጥራ ትናንሽ ሚና ትጫወትበት የነበረ ስቱዲዮ ነው። ጣቢያው ቀድቶ አስቀምጦት ቢሆን ኖሮ ንብረቱም የጣቢያው ይሆን ነበር፤ ይህ ሁሉ ታሪክም ባልተፈጠረ።

የስህተታችሁ ምንጭ ምን ሊሆን እንደሚችል እንገምታለን። መጋቢት 2 ቀን 1951 ለሙከራ የተሠራ አንድ ክፍል አለ፤ እሱ እውነትም በኪኒስኮፕ ነው የተቀዳው። ለብዙ ዓመታት ጠፍቷል ተብሎ ሲታሰብ ቆይቶ፣ በሙከራው ላይ አብሯቸው የተጫወተው ፔፒቶ የተባለ ኮሜዲያን ዘንድ ቀርቶ የነበረ ቅጂ በመገኘቱ በ1990 በቴሌቪዥን ታየ። ጸሐፊያችሁ ይህን ከ180ዎቹ ክፍሎች ጋር ቀላቅሎት ይሆናል። ነገር ግን ሙከራውን ከየትኛውም ሌላ ክፍል ጎን አስቀምጦ ለአንድ ደቂቃ ያየ ሰው ልዩነቱን ለማወቅ የፊልም ትምህርት አያስፈልገውም። አንዱ የቆሸሸ መስታወት ላይ የሚታይ ይመስላል፤ ሌላው ላይ የግድግዳው ጥላ፣ የልብሷ ነጠብጣብ፣ የዓይን ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል።

ያ ጥራት ከየት እንደመጣ ደግሞ አንድ ቃል አልጻፋችሁም። ስለዚህ እኛ እንንገራችሁ።

በሲኒማ የተለመደው አሠራር አንድ ካሜራ ነው። አንድ አቅጣጫ ይቀረፃል፣ ይቆማል፣ መብራት ይነሳል፣ ካሜራ ይዞራል፣ ተዋናዩ ያንኑ ይደግማል። ተመልካች አዳራሽ ውስጥ ካለ ይህ አይሠራም፤ ለሦስተኛ ጊዜ በሰማው ቀልድ የሚስቅ ሰው የለም። ሦስት ካሜራ በአንድ ጊዜ ሲነሳ ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። ለመሐለኛው ካሜራ የተመቻቸ መብራት ለግራው ተዋናይዋን በጥላ ይሸፍናታል፤ የማይክራፎኑ ዘንግ ጥላ ግድግዳ ላይ ይወድቃል፤ አንዱ ካሜራ ሌላውን ምስል ውስጥ ያስገባዋል።

ይህን የፈታው ካርል ፍሮይንድ ነው። በጀርመን ዝምተኛ ፊልሞች ስሙን የተከለ፣ ሆሊውድ ገብቶ በካሜራ ሥራው ኦስካር የተሸለመ አንጋፋ ባለሙያ። መብራቱን ከወለል አንስቶ ከላይ ሰቀለው፤ ካሜራዎቹ ወዲያ ወዲህ ሲሉ እግር የሚጠልፍ መቆሚያ እንዳይኖር፣ ከየትም ቢታይ ብርሃኑ እኩል እንዲሆን። ከላይ ብቻ የሚመጣ ብርሃን ግን ዓይን ሥርና አገጭ ሥር ያጠቁራል፤ ለዚህ በየካሜራው ላይ ከሌንሱ ከፍ ብሎ ትንሽ መብራት አሰረበት። ግድግዳውንና ዕቃውን በተለያየ የግራጫ ደረጃ አስቀባ፤ በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ፊት ከግድግዳ የሚለየው በብርሃን ብቻ ሳይሆን በቀለሙ ደረጃም ነውና። መሐል ላይ ሰፊ ሌንስ ያለው ካሜራ ክፍሉን በሙሉ ይይዛል፤ የግራና የቀኙ ረዘም ባለ ሌንስ ፊት ለፊት ያሉትን ተዋንያን ቀርበው ይይዛሉ። ሳሎኑ፣ ወጥ ቤቱና የምሽት ክበቡ ጎን ለጎን ተሠርተው ካሜራዎቹ በዶሊ (ጎማ ባለው የካሜራ ጋሪ) ከአንዱ ወደ ሌላው ይገፋሉ።

አንድ ካሜራ ማለት አንድ ሰው ማለት አይደለም። ቀራጩ ምስሉን ይይዛል፣ ረዳቱ ፎከስ ይጠብቃል፣ ሌላው ዶሊውን ይገፋል። ሦስቱም ቦታቸውን ወለል ላይ ባለ ምልክት ቀድመው ያጠናሉ። ተዋናይዋ ከልምምዱ ግማሽ ሜትር ወደ ፊት ከቆመች ፎከሱ ይሄዳል፤ ሳቁ ተስቆ አልቋልና ድገሚው ማለት አይቻልም። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ ደቂቃ 90 ጫማ ይበላል፤ 1,000 ጫማ የሚይዘው ማጋዚን (ካሜራው ላይ የሚገጠመው የፊልም ሳጥን) ከ11 ደቂቃ ትንሽ አልፎ ያልቃል። ስለዚህ የትዕይንቶቹ ርዝመት ስክሪፕት ሲጻፍ ጀምሮ በፊልሙ ርዝመት ይለካል። 26 ደቂቃ ያህል የሚወስድ ክፍል በሦስት ካሜራ ሲባዛ ወደ 7,000 ጫማ ይጠጋል፣ ምንም ነገር ሳይበላሽ።

ሉሲል ቦል የምትደነቀው እዚህ ላይ ነው፤ ጽሑፋችሁ «ተፈጥሯዊ ቀልደኛ» ብሎ ሲያልፋት ያናደደንም ለዚሁ ነው። ድንገት የመጣላት የሚመስለው ሁሉ የተለማመደችው ነው። በእጇ የምትይዘውን ዕቃ ከልምምዱ መጀመሪያ አንስቶ እውነተኛውን ካላገኘች አትሠራም ነበር፤ ክብደቱን፣ የሚከፈትበትን አቅጣጫ፣ የሚያንሸራትት መሆን አለመሆኑን ማወቅ አለባት። በመስከረም 1952 የታየውን የቸኮሌት ፋብሪካ ክፍል ተመልከቱ። ቸኮሌቱ በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ ይመጣል፣ ሁለቱ ሴቶች ጠቅልለው ይመልሳሉ፣ ቀበቶው ይፈጥናል፣ ማድረስ ሲያቅታቸው አፋቸው ውስጥ፣ ኮፍያቸው ውስጥ፣ አንገታቸው ሥር ይወትፉታል። ሦስቱም ካሜራዎች ፊታቸውንም እጃቸውንም እንዳያጡ ሁለቱ የቆሙት ጎን ለጎን፣ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አድርገው ነው። እጆቿን ተከታተሉ፦ ፊቷን ሸፍነው አያስቀሩትም። ይህ በመቶ ልምምድ እንጂ በተፈጥሮ አይገኝም።

ቀጥሎ ኤዲቲንግ። የዚያን ዘመን ኤዲተር የሚሠራበት ሞቪዮላ የተባለው ማሽን አንድ ምስልና አንድ ድምፅ ነበር የሚያሳየው። የፕሮግራሙ ኤዲተር ዳን ካን የተገለገለበት ሦስት ምስልና አንድ ድምፅ አብሮ የሚያዞር ነበር፤ «ባለ ሦስት ራስ ጭራቅ» ይሉት ነበር። ሦስቱም ፊልሞች ከድምፁ ጋር ካልተገጣጠሙ የአፍና የቃል ነገር ይለያያል፤ አንዲት ፍሬም ሁለት ፍሬም ቢንሸራተት ዓይን ይታገሰዋል፣ አምስት ስድስት ከሆነ ግን ቀልዱ ይሞታል። ከሁሉም የሚከብደው ሳቅን መቁረጥ ነው። ፕሮግራሙ ለረዘመበት ኤዲተር ትንሽ ሰከንዶች መቀነስ አለበት፤ የተመልካቹ ሳቅ መሐል ላይ ከቆረጠ ድምፁ ዘሎ ይሰማል። ሳቁ ወርዶ ሊጠፋ ሲል፣ ቀጣዩ ቃል ሳይጀመር ያለችውን ቅጽበት መፈለግ አለበት። በሶፍትዌር የምንሠራ እኛም ዛሬ የምንታገለው ከዚያችው ቅጽበት ጋር ነው። ካን ደግሞ ፊልሙን በመቀስ እየቆረጠ ነበር።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ በተመልካች ፊት በብዙ የፊልም ካሜራ መቅረፅን እነሱ አልጀመሩትም። የጥያቄና መልስ ጨዋታ ፕሮግራም ከእነሱ ቀድሞ ተቀርፆበታል፤ እዚያ የሠራው አል ሳይመን ነው ልምዱን ይዞላቸው የመጣው። የእነሱ ድርሻ ዘዴውን ታሪክ ላለው ኮሜዲ አመቻችተው በየሳምንቱ ማስኬዳቸው ነው። ፍሮይንድ፣ ካን፣ ሳይመን፣ የመጀመሪያውን ዓመት ያዘጋጀው ማርክ ዳንኤልስ፣ ደራሲዎቹ ጄስ ኦፐንሃይመር፣ ማደሊን ፑና ቦብ ካሮል፦ ከእነዚህ የአንዳቸው ስም በገጻችሁ ላይ የለም። የፀጉር ቀለሙ ግን አለ።

ይህ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። የአገራችንንም ድራማ ስትዘግቡ እንዲሁ ናችሁ። ዘጋቢዎቻችሁ ቀረፃ ቦታ ይመጣሉ፣ መንገድ ላይ የተዘረጋውን ገመዳችንን ተሻግረው ተዋንያኑን ያነጋግራሉ፣ ከመብራታችን ሥር ፎቶ ያነሳሉ፤ ዘገባው ሲወጣ መብራቱን የሠራው፣ ድምፁን የቀዳው፣ ሌሊቱን ሙሉ ያቀናበረው ሰው የለም። ጣቢያዎቹም መጨረሻ ላይ የሚያልፈውን የስም ዝርዝር በማስታወቂያ ይሸፍኑታል። የሉሲል ቦል ፕሮግራም በጣቢያው «ተቀድቶ» ተገኘ ብሎ መጻፍ የዚሁ ልማድ ውጤት ነው፤ የሠራው ሰው ካልታያችሁ ሥራው በራሱ የተሠራ ይመስላችኋል።

ሌላም አለ። «የባሏን ኩባንያ ወርሳ» ብላችኋል። ዴዚ አርናዝ የሞተው በ1986 ነው። ሉሲል ቦል የእሱን ድርሻ በ1962 ከራሱ ከፍላ ገዛችው፤ ከሕያው ሰው ውርስ የለም። ከዚያ በኋላ ስቱዲዮውን ራሷ መራች። ስታር ትሬክና ሚሽን ኢምፖሲብል የተባሉት ተከታታይ ድራማዎች በ1966 ለአየር የበቁት በእሷ ስቱዲዮ ተሠርተው ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ደሲሉን 17 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠችው።

የምንጠይቀው ግልጽ ነው። በሚቀጥለው እትም፣ በዚያው ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን ሁለቱን አረፍተ ነገሮች አርሙ፦ ፕሮግራሙ በፊልም የተቀረፀና ንብረትነቱ የደሲሉ የነበረ መሆኑን፣ ኩባንያውንም ወርሳ ሳይሆን ገዝታ እንደያዘችው ጻፉ። ከሥሩ የካርል ፍሮይንድንና የዳን ካንን ስም ከነሙያቸው አስገቡ። ከአሁን በኋላ ስለ አገር ውስጥ ድራማ በምታወጡት ዘገባ ሁሉ ደግሞ የካሜራ፣ የመብራት፣ የድምፅና የኤዲቲንግ ባለሙያውን ስም ጠይቃችሁ አትሙ፤ አራት ስም ከአንድ መስመር አይበልጥም።

በቀረፃና በኤዲቲንግ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ