መጋቢት 5 ቀን ስለሚካሄደው የዌስ አንሰልድ መታሰቢያ ዝግጅት ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

የካቲት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን በአማርኛ የጻፉትን በቤተሰብ ፊት የሚያነቡበት ዓመታዊ ዝግጅት ዘንድሮ ቅዳሜ መጋቢት 5 ቀን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ማርች 14 ይካሄዳል። የዘንድሮው ርዕስ ቡሌትስ በተባለው የባልቲሞር፣ ኋላም የዋሽንግተን የቅርጫት ኳስ ቡድን ተጫዋች የነበረው ዌስ አንሰልድ ነው። በሕይወት ቢኖር ኖሮ በዚያው ቀን 80 ዓመት ይሞላው ነበር። ጉዳዩ በወላጆች ኮሚቴ ስብሰባ ላይ በተነሣ ጊዜ አንዳንዶቻችሁ አበበ ቢቂላንና ደራርቱ ቱሉን የመሰሉ ጀግኖች እያሉን ልጆቻችን ስለ አሜሪካዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች በአማርኛ እንዲጽፉ የተፈለገበትን ምክንያት ጠይቃችኋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በስብሰባ መሀል በአጭሩ የሚነገር ስላልሆነ በደብዳቤ ላቀርበው መርጫለሁ። ከዚህ በታች የተጫዋቹን ሕይወት በሚመለከት የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

አበበንና ደራርቱን ልጆቹ በታችኛው ክፍል ሳሉ ተምረዋቸዋል፤ ወደፊትም ይማሯቸዋል። አሁን የፈለግነው ግን ከመጽሐፍ የሚገለበጥ ሳይሆን ከሰው አፍ ተሰምቶ የሚጻፍ ታሪክ ነው፤ ለዚህም የሚመቸው ተመልካቾቹ ዛሬም በአጠገባችን የሚኖሩ ሰው ነው። እኛ በምንኖርበት አካባቢ በአውቶቡስ ጣቢያ፣ በሆስፒታል፣ በቢሮና በጎረቤት የምናገኛቸው፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ ብዙ ሰዎች የአንሰልድን ጨዋታ በዓይናቸው አይተዋል። ከእኛም ወገን ከአብዮቱ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደዚህ ከተማ የመጡ አባቶችና እናቶች አሉ። ልጆቹ ወደ እነዚህ ሰዎች ሄደው ይጠይቃሉ፤ በእንግሊዝኛ የሰሙትንም በአማርኛ ይጽፋሉ።

ሰውየው የተወለደው በ1946 በኬንታኪ ግዛት፣ በሉዊቪል ከተማ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቡድን በ1963 እና በ1964 የግዛቱ ሻምፒዮን ሲሆን አብሮ ተጫውቷል። ከዚያ በኋላ የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ኬንታኪ አሰልጣኝ አዶልፍ ራፕ ሊያስመዘግበው ፈለገ፤ በዚያ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ እስከዚያ ጊዜ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። አንሰልድ ግን የትውልድ ከተማውን ሉዊቪል ዩኒቨርሲቲን መረጠ። በዚያም በሦስት የጨዋታ ዘመን በአማካይ ከ20 ነጥብ በላይና ወደ 19 የሚጠጋ ሪባውንድ (ቅርጫቱን ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) እያስመዘገበ ስላለፈ፣ ዩኒቨርሲቲው ይለብሰው የነበረውን 31 ቁጥር ለሌላ ተጫዋች እንዳይሰጥ አድርጎ አክብሮለታል። የሉዊቪል ሰዎች አንሰልድን እንደ ነጥብ አስቆጣሪ ሊያስታውሱት የሚችሉት ከዚህ የኮሌጅ ዘመኑ የተነሣ ነው፤ የእኛ አካባቢ ደጋፊዎች የሚያወሩለት ሰው ግን ሌላ ዓይነት ተጫዋች ነው።

በ1968 ቡድኖች አዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት የባልቲሞር ቡሌትስ ሁለተኛ ተመራጭ አድርጎ ወሰደው፤ የመጀመሪያው ተመራጭ ኋላ የቡድን ጓደኛው የሆነው ኤልቪን ሄይስ ነበር። ቡሌትስ በቀደመው ዓመት 36 ጨዋታ አሸንፎ 46 የተሸነፈ ቡድን ነበር፤ አንሰልድ በገባበት ዓመት 57 አሸንፎ 25 ብቻ ተሸነፈ። በዚያው ዓመት የአዲስ ገቢዎች ምርጥ ተጫዋችም፣ የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። እነዚህን ሁለት ሽልማቶች በአንድ ዓመት የወሰዱት በኤንቢኤ (በአሜሪካ ከፍተኛው የቅርጫት ኳስ ሊግ) ታሪክ ዊልት ቼምበርሌይንና እርሱ ብቻ ናቸው። የሚገርመው ግን በዚያ ዓመት በአማካይ ያስቆጠረው 13.8 ነጥብ ብቻ መሆኑ ነው። ሪባውንድ ግን በየጨዋታው ከ18 በላይ ይሰበስብ ነበር።

ቁመቱ ሁለት ሜትር ገደማ ነበር፤ ለሴንተር፣ ማለትም በቅርጫቱ አጠገብ ለሚጫወት ረጅም ተጫዋች፣ ይህ አጭር ነው። በዚሁ ቦታ ይጫወቱ የነበሩት እነ ቼምበርሌይንና እነ ከሪም አብዱል ጀባር በቁመት ከ15 ሴንቲሜትር ያላነሰ ይበልጡት ነበር። እርሱ የሚተማመነው በትከሻው ስፋት፣ ከ110 ኪሎ በላይ በሚመዝን ሰውነቱና ኳሱ የት እንደሚወርድ ቀድሞ በማወቁ ነበር። ጉልበቱን ግን በሙያ ዘመኑ ሁሉ ያመው ነበር።

ለመሆኑ ደጋፊዎች የሚያስታውሱት ምኑን ነው? የቡሌትስ ተከታታዮች ስለ አንሰልድ ሲያወሩ ነጥብ አያነሡም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የሚያነሡት አውትሌት ፓስ የሚባለውን ነው። ኳሱ ቅርጫቱን ስቶ ሲመለስ አንሰልድ በሁለት እጁ ይይዘዋል፤ ገና በአየር ላይ ሳለ ወገቡን አዙሮ ይመለከትና እግሩ መሬት ከመርገጡ ኳሱን ከራሱ በላይ ወደ መሀል ሜዳ ይወረውረዋል። ተቃራኒዎቹ ዞረው መሮጥ ሳይጀምሩ ኳሱ አስቀድሞ በሮጠው ጓደኛው እጅ ገብቶ ያድራል። ከአንዱ ቅርጫት ሥር ቆሞ በሁለት እጁ ወርውሮ የሌላኛውን ቅርጫት ሰሌዳ ይመታ እንደነበር የሚተርኩም ብዙ ናቸው፤ ሜዳው 28 ሜትር ከግማሽ ያህል ስለሚረዝም ሞክሮ ያየ ሁሉ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል። ልጆቻችሁ የሚያውቁት ኬቨን ላቭ በዚህ ዓይነት ረጅም ማቀበል የታወቀ ነው፤ አባቱ ስታን ላቭ በባልቲሞር የአንሰልድ የቡድን ጓደኛ ስለነበር ለልጁ ዌስሊ የሚለውን ሁለተኛ ስም ያወጣለት በእርሱ ምክንያት ነው። ይህን በክፍል ውስጥ በነገርኳቸው ጊዜ ተማሪዎቹ ካመጣሁላቸው ቁጥር ሁሉ ይልቅ እርሱን ወደዱት።

ሁለተኛው ስክሪን የሚባለው ነው። ተከላካይ በሚሮጥበት መንገድ ላይ እንደ ዋርካ ተተክሎ በመቆም ጓደኛው ነጻ ሆኖ እንዲወረውር ማድረግ ማለት ነው። አንሰልድ የቆመበትን ቦታ ጥሶ ማለፍ አይታሰብም ነበር፤ ኬቪን ፖርተርና ፊል ቼኒየር የመሳሰሉ የቡድን ጓደኞቹም ከዚያ ትከሻ ጀርባ ሆነው ብዙ አስቆጥረዋል። በዚያ ዘመን ስክሪን በየትኛውም የጨዋታ መዝገብ ላይ አይቆጠርም ነበር፤ አውትሌት ፓስም ቢሆን በቀጥታ ነጥብ ካላስገኘ በስሙ አይመዘገብም። ስለዚህ ደጋፊዎቹ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በቃል የሚተርኩት በአብዛኛው ወረቀት ላይ የሌለውን ነው፤ ልጆቹ ወደ ኮምፒውተር ሳይሆን ወደ ሰው እንዲሄዱ ያደረግንበትም ዋና ምክንያት ይኸው ነው።

ቡሌትስ በ1973 ከባልቲሞር ለቆ በዋሽንግተን አጠገብ በላንዶቨር ወደተሠራው ካፒታል ሴንተር መጣ። አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ቡድን ዋንጫ ለሚወስድበት የሊጉ ፍጻሜ ቡድኑ በ1971 እና በ1975 ደርሶ ሁለቱንም አራት ለዜሮ ተሸንፏል። በ1978 ከሲያትል ጋር የተደረገው ፍጻሜ ግን እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ዘለቀ፤ ሰባተኛው ጨዋታም በሲያትል ሜዳ ሆነ። አንሰልድ በሙያ ዘመኑ ከመቶ የቅጣት ውርወራ ስድሳ ሦስት ያህሉን ብቻ የሚያስገባ ሰው ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ውርወራ ላይ የቆመው ደግሞ እርሱ ነው። አስገባ፤ ቡሌትስም 105 ለ 99 አሸንፎ ይህች ከተማ እስከ ዛሬ ያላትን አንድ የኤንቢኤ ዋንጫ አገኘች። የፍጻሜው ኮከብ ተጫዋችም አንሰልድ ተባለ፤ በእነዚያ ሰባት ጨዋታዎች በአማካይ ያስቆጠረው 9 ነጥብ ነው። የቡድን ጓደኞቹ ኤልቪን ሄይስና ቦብ ዳንድሪጅ ከእርሱ እጅግ የበለጠ ቢያስቆጥሩም መራጮቹ ጨዋታውን አይተው ፈረዱ።

እዚህ ላይ ወላጆችን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነገር ላንሣ። እሑድ እሑድ በሚደረገው የልጆች ጨዋታ ላይ ልጅ ከሜዳ ሲወጣ ከአብዛኞቻችን አፍ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «ስንት አገባህ?» የሚል ነው። አሰልጣኞቹ እንደሚነግሩኝ፣ ይህን ጥያቄ የለመደ ልጅ ለጓደኛው ኳስ ማቀበል እንደ ኪሳራ ይቆጥረዋል፤ ሌላው ቀርቶ ካላስቆጠረ ወደ መኪና መሄድ የሚፈራ ልጅ አለ። ኳስ መጫወት የዩኒቨርሲቲ ነጻ ትምህርት እንደሚያስገኝ ሰምታችሁ ተስፋ ያደረጋችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ተስፋችሁንም አልነቅፍም። እስከ መጋቢት 5 ድረስ ባሉት ሳምንታት ግን «ለማን አቀበልክ?» ብላችሁ እንድትጠይቁ፣ ሴት ልጆቻችሁንም እንዲሁ እንድትጠይቁ እለምናለሁ።

ልጆቹ የሚጽፉት ውዳሴ ብቻ እንዲሆን አልፈለግንም። አንሰልድ በ1981 ጫማውን ከሰቀለ በኋላ፣ ከ1988 እስከ 1994 ቡሌትስን አሰልጥኖ 202 ጨዋታ ሲያሸንፍ 345 ተሸንፏል። ቀጥሎም የቡድኑ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሳለ በ1998 ተጫዋቹን ክሪስ ዌበርን ለሳክራሜንቶ ቡድን አሳልፎ ሰጥቷል፤ ዌበር በዚያ ከሊጉ ታላላቆች አንዱ ሲሆን የዋሽንግተን ቡድን ግን ብዙም አልተጠቀመም። ይህን ውሳኔ ዛሬም በቁጭት የሚያነሡ ደጋፊዎች ለልጆቹ ቢነግሯቸው እንዲጽፉት ፈቅደናል፤ የሚወዱትን ሰው ስሕተት ደብቆ መጻፍ ታሪክ አይባልምና። ቡድኑ ስሙን ወደ ዊዛርድስ የቀየረውም በዚሁ በሥራ አስኪያጅነቱ ዘመን በ1997 ነው፤ የቡድኑ ባለቤት ኤብ ፖሊን በከተማው በተስፋፋው የጠመንጃ ግድያ የተነሣ፣ ትርጉሙ «ጥይቶች» የሆነውን የቀድሞውን ስም ይዞ መቀጠል አልፈለገም። ልጆቻችሁ «ቡሌትስ የሚባል ቡድን የለም» ብለው ከተከራከሯችሁ ነገሩ ይህ ነው።

እንደ ትምህርት ቤት ኃላፊ ከሁሉ ይልቅ እኔን የሳበኝ ሌላ ነው። የአንሰልድ ባለቤት ኮኒ አንሰልድ መምህርት ነበረች፤ በ1979 በባልቲሞር ከተማ ከሕፃናት ማቆያ እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፈተች። ልጃቸው በመምህርነት፣ አንሰልድ ራሱ ደግሞ በቢሮ ኃላፊነትና በቅርጫት ኳስ አሰልጣኝነት በዚያ ሠርተዋል። የትምህርት ቤት ቢሮ ሥራ ማለት ያልተከፈለ ክፍያ መከታተል፣ የቀረ ልጅ ቤት ስልክ መደወል፣ የተበላሸ ማሞቂያ ማስጠገን ማለት ነው። በ1988 ወደ ቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ የገባ፣ በ1996 ከሊጉ ሃምሳ ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ ተብሎ የተመረጠ ሰው ይህን ሥራ ለመሥራት አላፈረም። ሊጉ በ1975 ለበጎ ዜግነት የሚሰጠውን ሽልማት ሲጀምር የመጀመሪያው ተሸላሚ እርሱ መሆኑም ያለ ምክንያት አልነበረም።

አንሰልድ በጁን 2 ቀን 2020 በ74 ዓመቱ ዐረፈ። በስሙ የሚጠራው ልጁ ከ2021 እስከ 2024 መጀመሪያ የዊዛርድስ ዋና አሰልጣኝ ነበር። ካፒታል ሴንተር በ2002 ፈርሷል፤ 41 ቁጥር መለያው ግን በከተማው መሀል ባለው የዊዛርድስ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። ጨዋታ ለማየት ልጆቻችሁን የምትወስዱ ካላችሁ ቀና ብለው እንዲያዩት ንገሯቸው።

ከእናንተ የምንፈልገው እንደሚከተለው ነው። ልጃችሁ ቡሌትስን የሚያስታውስ አንድ ሰው፣ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ወይም የቤተሰብ ወዳጅ፣ እንዲያገኝ እርዱት፤ ሲጠይቅም አብራችሁ ተገኙ እንጂ ብቻውን ወደማታውቁት ሰው አትላኩት። የሰማውን ወደ አማርኛ ሲመልስ ቃል ካጣ አቀብሉት፤ ጽሑፉን ግን አትጻፉለት። መምህራኑ የወላጅን አጻጻፍ ከልጁ መለየት አያቅታቸውም። አንድ ገጽ ተኩል የሚሆነው ጽሑፍ እስከ ቅዳሜ የካቲት 28 ቀን ለክፍል መምህሩ መድረስ አለበት።

ዝግጅቱ በዚህ አገር ሰዓት አቆጣጠር ከቀትር በኋላ በ2 ሰዓት ይጀመራል። በቀደመው እሑድ የዚህ አገር ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ፊት ስለሚገፋ እንዳትዘናጉ። ዕለቱ የአቦ ክብረ በዓል በመሆኑ ከቤተ ክርስቲያን የምትመጡ ጥቂት ብትዘገዩ እንረዳለን። ዐቢይ ጾምም ረመዳንም ስለሚገናኙበት በአዳራሹ ምግብ አይቀርብም፤ የሚጾሙ ልጆችም ከንባቡ በኋላ በሜዳው ላይ በሚደረገው የአውትሌት ፓስና የስክሪን ልምምድ እንዲሮጡ አይጠየቁም፤ ተቀምጠው ቢመለከቱ በቂ ነው። በልምምዱ የሚሳተፍ ልጅ የስፖርት ጫማ ይዞ ይምጣ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን የፈቃድ ወረቀት ፈርማችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከልጃችሁ ጋር እንድትልኩልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር