እማዬ፣ ስጠይቅሽ አትመልሺልኝ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ሥራዬ ላይ ነኝ።

በክርስትናው ዕለት ሕፃኑን "ያዢው" ስትዪኝ መሸሼ እንደከነከነሽ አውቃለሁ። አክስቴ "ኮርታብን ነው" ማለቷንም ሰምቻለሁ። ኩራት አልነበረም፣ እማዬ። ልጁን ባየሁ ቁጥር "ብጥለውስ? ባንቀውስ?" የሚል ሀሳብ ሳልጠራው ይመጣብኛል። ባልወደው ኖሮ እንዲህ ባላርበደበደኝ። ያን ቀን ሴቶቹ ሽንኩርት መክተፊያ አጥተው ሲተራመሱ፣ ቢላዎቹን ከበርበሬው ጣሳ ኋላ የደበቅኳቸው እኔ ነበርኩ።

ሐኪሟ ኦሲዲ ነው አለችኝ፤ ያልፈለጉት ሀሳብ እየተመላለሰ የሚያስጨንቅበት፣ ጭንቀቱን ለማስታገስም አንድን ነገር እየደጋገሙ የሚያደርጉበት የአእምሮ ሕመም ነው። ሰው ኦሲዲ ሲባል እጅ መታጠብና በር መፈተሽ ብቻ ይመስለዋል። የእኔ ከውጭ አይታይም፤ እፍረቱና "ክፉ ሰው ብሆንስ?" የሚለው ጥርጣሬ ነው የሚያደቀኝ። እንዲህ ያለ ሀሳብ ጤነኛ ሰው ላይም ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ ጥናት ላይ ከተጠየቁት ጤነኞች አብዛኞቹ "እኛም ይመጣብናል" ብለዋል። እነሱ ግን "ምን ዓይነት ሀሳብ ነው" ብለው ያልፉታል፤ እኔ ይዤው አድራለሁ።

ጸበሉን አልተውኩም። የንስሐ አባቴም መድኃኒቱን ውሰጂ ብለውኛል፤ አንዴ የተናዘዝኩትን እየደጋገምኩ እንዳልናዘዝ ግን ከልክለውኛል። መድኃኒቱ ፍሉክሰቲን ይባላል፤ ለውጡ እስኪታይ 12 ሳምንት ሊፈጅ ይችላልና በወሩ "ምነው አልተሻለሽም?" እንዳትዪኝ።

ዋናው ጉዳዬ ይሄ ነው። ማታ ደውዬ "እማዬ፣ እኔ ክፉ ነኝ?" ስልሽ "ኧረ በማርያም! አንቺ ምን ክፋት አለብሽ?" ትዪኛለሽ። ቅልል ይለኛል። ስልኩን ከመዝጋቴ ግን "እናት ስለሆነች ነው እንዲህ የምትለኝ" ብዬ መልሼ እደውላለሁ። እከክን እንደማከክ ነው፤ ሲያኩት ደስ ይላል፣ ኋላ ይብሳል። ከእንግዲህ "ልጄ፣ ይሄ ሕመሙ ነው የሚጠይቀኝ፤ አልመልስለትም" በዪኝና የሰፈሩን ወሬ አውሪኝ። አለቅስብሽ ይሆናል፣ እቆጣሽም ይሆናል። ጨክኚ። አንጀትሽ እንደማይችል አውቃለሁ፤ ግን ሐኪሟም ያለችው ይሄንኑ ነው።

ለፋሲካ ስመጣ ልጁን እይዘዋለሁ። ሐኪሟ ያዘዘችው ልምምድ ስለሆነ፣ ፈርቼ ስንቀጠቀጥ ብታዪኝም ቶሎ አትቀበዪኝ።

ለአባባ ግን አትንገሪው፤ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።

ልጅሽ